የዒላማ ክላስ መምረጫ ደንብ
በፖሊሲ ኢንጀክሽን፣ እንደ ፈቃድ ማረጋገጥና ሎግ መያዝ ያሉ የጋራ ሥራዎች በየትኞቹ ክላሶችና ሜተዶች ላይ እንደሚያርፉ የሚወስን የኮንፊገሬሽን መመሪያ። መነሻው ግሬጎር ኪዛሌስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. በዜሮክስ ፓርክ ያስተዋወቁት አስፔክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ነው፤ ማይክሮሶፍት ፖሊሲ ኢንጀክሽንን በ2007 እ.ኤ.አ. በኢንተርፕራይዝ ላይብረሪ 3.0 አካቷል።

ደንቡ ዒላማውን በክላስ ስም፣ በኔምስፔስ፣ በሜተድ ስም ወይም ፕሮግራመሩ በኮዱ ላይ ባኖረው ምልክት ይለያል። በአንድ ፖሊሲ ሥር ያሉት ደንቦች በሙሉ መሟላት አለባቸው፤ በአንድ የክላስ ስም ደንብ ውስጥ ከተዘረዘሩት ስሞች ግን አንዱ ከገጠመ ይበቃል።

ለምሳሌ ለአበርገሌ ወረዳ ጤና ጣቢያ ፕሮግራም ቢጻፍ፣ «ጤና.ካርድ» የተባለውን ኔምስፔስና በ«አሻሽል» የሚጀምሩ ሜተዶችን ያጣመረ ፖሊሲ የታካሚ ካርድ በተለወጠ ቁጥር ማን እንደለወጠው ይመዘግባል፤ ካርዱን ማንበብን ግን አይነካም።

በፖሊሲ ኢንጀክሽን ማዕቀፍ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለተፈጠረ ኦብጀክት ፖሊሲው አይደርስም። የክላሱ ስም ተቀይሮ ደንቡ ካልታረመም ጥበቃው ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይቋረጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሚሠራበት አገር፣ የታካሚ መረጃ የሚይዝ ፕሮግራም በተሻሻለ ቁጥር እያንዳንዱን ደንብ መፈተሽ ግዴታ ሊሆን ይገባል።