ከትል እስከ ቆሽት

ስንናደድ «ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን። ከአፋችን የማትጠፋው ቆሽት የት እንዳለች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከጨጓራ ጀርባ ተደብቃ ነው የምትኖረው። ካንሰር ሲይዛትም ቶሎ ድምፅ አታሰማም፤ ሕመሙ ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። በአሜሪካ እንኳን በሽታው ከተገኘባቸው 100 ሰዎች አምስት ዓመት የሚሻገሩት 13 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ሌላም ጣጣ አለ። ለዓመታት የቆየ የቆሽት ብግነትና የቆሽት ካንሰር አንዳንዴ ለመለየት ያስቸግራሉ። ሐኪሙ ከተሳሳተ ወይ ካንሰር የሌለበትን ሰው ለከባድ ቀዶ ሕክምና ይዳርገዋል፤ ወይ ካንሰር ያለበትን «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኘዋል። ለዚህ እንቆቅልሽ አንድ ፍንጭ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው፤ ከትል!

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካዊው ቪክተር አምብሮስና ባልደረቦቹ አንድ ሚሊ ሜትር የምታክል ትል ሲያጠኑ ሊን-4 የተባለው ዘረ-መሏ እንደ ብዙዎቹ ፕሮቲን እንደማያሠራ ደረሱበት። የሚያወጣው 22 ፊደል ገደማ ያላት ቁራጭ አር.ኤን.ኤ. ብቻ ነበር። ይህች ቁራጭ የሌላ ዘረ-መል መልእክት ላይ ተለጥፋ ሥራውን እንደምታስቆም እነ አምብሮስና በሌላ ቤተ ሙከራ የነበረው ጋሪ ራቭከን በዚያው ዓመት አሳዩ። እኛ የታክሲ ተራ አስከባሪን አስታወሰን፤ ታክሲ አይነዳም፣ የትኛው እንደሚወጣና የትኛው እንደሚቆም ግን እሱ ነው የሚያዘው።

ብዙዎች «የትል ጉዳይ ነው» ብለው አለፉት። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ2000 የራቭከን ቡድን ሌት-7 የተባለች ሌላ ቁራጭ ሰው ውስጥም እንዳለች ሲያሳይ ግን ሁሉም ነቃ። እነዚህ ቁራጮች ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ተባሉ። በ2002 የካርሎ ክሮቼ ቡድን በአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ሁለቱ እንደሚጠፉ ወይም እንደሚቀንሱ አስታወቀ። ተራ አስከባሪው ሲጠፋ መናኸሪያው ይታመሳል ማለት ነው።

ቆሽት ተራዋ የደረሰው በ2007 ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ65 ሰዎችን የካንሰር ናሙና ከ42 የብግነት ናሙናዎች ጋር አስተያዩ። በማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ዎቹ መብዛትና ማነስ ብቻ ካንሰሩን ከብግነቱ 93 በመቶ በትክክል ለዩት። ሚር-196ኤ-2 የምትባለው ደግሞ የበሽታውን አካሄድ ጠቆመች፤ እሷ ከበዛችባቸው ሕሙማን ግማሾቹ 14.3 ወር ሳይሞላቸው ሲያልፉ፣ ባነሰችባቸው ዘንድ ይኸው ጊዜ 26.5 ወር ነበር።

ታዲያ ይህ ዕውቀት ነው ወይስ መርዶ? እድሜን በወር ቆጥሮ ለታማሚ መንገር ብቻውን ከመርዶ አይሻልም። ዋጋው ያለው ምርጫው ላይ ነው፤ ማን ቢላዋ ሥር መግባት እንዳለበት፣ ማን ጠንከር ያለ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው በጊዜ መለየቱ ላይ። ምልክቶቹ ዛሬም የየሆስፒታሉ የዘወትር ምርመራ ለመሆን አልበቁም፤ በጥቂት ናሙና የታየ ነገር በብዙ ሰው ላይ መፈተን አለበትና።

አምብሮስና ራቭከን በ2024 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ፤ ከ31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «ትል ማጥናት ለምን ይጠቅማል?» ለሚል ሁሉ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።