የልብ ወለድ ሴራና ጭብጥ፦ ከጎጃም እስከ ጋሞ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ስሙን ለአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ አውርሷል። ይሁንና ድርጊትን በድርጊት ላይ መደርደር ብቻውን ልብ ወለድ አይሆንም፤ አንዱ ሌላውን መውለድ አለበት። በትምህርት ቤት ሴራ የሚባለው ይኸው የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በትውልዳቸው ስለሚመኩ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለማግባት የጠየቀውን ሁሉ ይንቃሉ። ሰብለም ሳታገባ በአባቷ ቤት ትቆያለች፤ ሊያስተምራት የገባው የተራ ሰው ልጅ በዛብህ የሚያገኛት በዚህ መካከል ነው። ፍቅራቸውን ወደ መቃብር የሚነዳው ዕድል ብቻ ሳይሆን ይህ የዘር ኩራት ነው። ተማሪው ይህን ተርኮ «ጭብጡ ፍቅር ነው» በማለት ብዕሩን ቢያስቀምጥ (የብዙዎች ልማድ ነው) ጉዱ ካሣን የሚያህል ሰው ያለ ሥራ አስቀረው ማለት ነው። የጉዱ ካሣ ትችትና በአበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎች ዐመፅ የሚያነጣጥሩት በሥርዓቱ ላይ ነው።

በአርባ ምንጭ ወይም በጨንቻ የሚያነብ ተማሪ ይህን ለመረዳት ጎጃምን ማየት አያሻውም። በጎጃም ገበሬው ርስቱን ይዞ ግብር ሲገፈግፍ፥ በጋሞ ደጋ ግን ከአፄ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ ገባሩ ለነፍጠኛና ለሹም ተደልድሎ፥ ከምርቱ ሌላ ጉልበቱንም ይገብር ነበር። የሴራው አገር ሩቅ ቢሆንም ጭብጡ ግን የአያቶቹ ኑሮ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው መጽሐፉ ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር።