የደንብ ልብስ ታሪክና የአንድ ተማሪ ቅሬታ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ አመሠራረትና ስላፈራቸው ሰዎች የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። እኔ የመረጥሁት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ስለ ልብሳችን ነው። ነገር ግን ትንሽ ነው ብዬ ለማለፍ አልተቻለኝም፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ሹራብ ምክንያት ከደጅ የተመለስሁ ተማሪ ነኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ ወር የማለዳው ብርድ ሲበረታ እናቴ በእጅዋ ሹራብ ሠራችልኝ። ደንቡ የሚያዝዘው ቀለም ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ እርስዋ ከገበያ ያገኘችው ክር ግን ጥቂት ፈዘዝ ያለ ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተቈጣጣሪው መምህር ከሰልፍ አወጡኝ። ሹራቡን አውልቄ በሸሚዝ ብቻ እንድገባ ብለምናቸውም እሺ አላሉኝም፤ ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። በዚያ ቀን የሒሳብ ፈተና ነበረ፤ አመለጠኝ። በማግሥቱ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ያገኘሁት መልስ «ደንብ ስለ ሆነ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

እኔም ቍጣዬን በሁለት ገጽ ጽፌ ለታሪክ መምህራችን አሳየኋቸው። እርሳቸውም አንብበው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ መቈጣትህን አልነቅፍም፤ ዳሩ ግን ደንብን የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ ደንቡ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባዋል» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው የእርሳቸውን ምክር ተከትዬ ያገኘሁትን ነው።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ የልብስ ደንብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ይላሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን በአንዲት ሸማ ብዙ ነገር ይናገሩ ነበር። በጌታው ፊት የሚቆም አሽከር ሸማውን ያደገድጋል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀለኛ ያጣፋል፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ወደ አንገቱ አዙሮ ይለብሳል። ካባና ለምድም በማዕርግ የሚለበሱ ነበሩ። ይህ ልማድ መልካም ብቻ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ማደግደግ አክብሮት ቢሆንም የጌታንና የአሽከርን ልዩነት የሚያጸና ነበርና። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ጥለቱን ሲያዞር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ምክንያቱን ትልቁም ትንሹም ያውቀዋልና።

አሁን ወደ ተማሪ ልብስ እንለፍ። የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፈዋለሁ። የደንብ ልብስ ከጥንት ጀምሮ ከሚለበስባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ክራይስትስ ሆስፒታል ነው። ስሙ ሆስፒታል ይባል እንጂ የሕሙማን ቤት አይደለም። በ1552 ዓ.ም. በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ የለንደንን ድኾች ልጆች ለማሳደግና ለማስተማር የተመሠረተ ነው። ለልጆቹ የተሰጣቸው ልብስ ረጅም ሰማያዊ ካፖርት፣ የወገብ ቀበቶና ቢጫ ካልሲ ነበር። ሰማያዊው ቀለም የተመረጠው ለማማር አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ርካሽ ስለ ነበረ ለድኾችና ለአሽከሮች ልብስ ይውል ስለ ነበር ነው። ቢጫውም ቀለም ተባይን ያርቃል ተብሎ ይታመን ነበር። እንግዲህ የዚያ ልብስ መነሻ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ራቁቱን ለነበረ ልጅ ልብስ መስጠት ነው።

ኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ19ኛው መቶ ዓመት የባለጠጎች ልጆች የሚማሩባቸው የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን የደንብ ልብስ አወጡ፤ የድኻ ምልክት የነበረው ነገር የክብር ምልክት ሆነ። ወደ አፍሪቃም በአብዛኛው በቅኝ ገዢዎችና በሚስዮን ትምህርት ቤቶች በኩል ደረሰ። ክራይስትስ ሆስፒታል ራሱ ያንኑ ሰማያዊ ካፖርት እስከ ዛሬ ያለብሳል፤ ለተማሪዎቹም የሚሰጠው በነጻ ነው። በቅርቡ ዘመን ተማሪዎቹ «ይለወጥ ወይስ ይቆይ?» ተብለው ሲጠየቁ እጅግ የሚበዙት «ይቆይልን» አሉ። ይህን ሳነብ ተገረምሁ። ከአራት መቶ ዓመት የበለጠ ዕድሜ ያለውን ልብስ ወደው ይለብሱታል፤ ታሪኩን ያውቃሉ፣ አስተያየታቸውም ተጠይቆአል፣ ዋጋውም ከእናታቸው መቀነት አይወጣም።

ሁለተኛው ታሪክ በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ ደ ሞይን በምትባል ከተማ የሆነ ነው። በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ሰዎች ማዘናቸውንና የተኩስ ማቆምን መደገፋቸውን ለማሳየት በክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ተስማሙ። የትምህርት ቤቶቹ ዲሬክተሮች ይህን በሰሙ ጊዜ አስቀድመው ተሰብስበው ክልከላ አወጡ። የ13 ዓመት ልጅ የነበረችው ሜሪ ቤት ቲንከር፣ የ15 ዓመቱ ወንድምዋ ጆንና የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ኤክሃርት ጨርቁን አስረው ስለ ተገኙ ከትምህርት ታገዱ። አልጮኹም፤ ትምህርት አላወኩም፤ ድንጋይም አልወረወሩም። ያደረጉት ነገር አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ማሰር ብቻ ነበር።

ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ተጓዘ። በመጨረሻም በየካቲት 1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደላቸው። የፍርዱ ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተማሪ የትምህርት ቤቱን ደጅ ሲረግጥ ሐሳቡን የመግለጥ መብቱን ከውጭ ጥሎ አይገባም፤ ትምህርት ቤቱም አንድን ሐሳብ የሚከለክለው ትምህርቱን በእውነት የሚያውክ ሲሆን እንጂ፣ ሁከት ይነሣ ይሆናል ብሎ በመስጋት ብቻ መሆን የለበትም። ዳኞቹ አንድ ነገር ደግሞ አስተውለዋል። ያው ትምህርት ቤት ሌሎች ተማሪዎች የምርጫ ምልክት በደረታቸው ላይ ሲያደርጉ ዝም ብሎ ነበር፤ የከለከለው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን መደበቅ አይገባኝም። ፍርድ ቤቱ ይህ ጉዳይ የቀሚስን ርዝመት፣ የልብስን ዓይነትና የጠጕርን አቈራረጥ የሚመለከት አይደለም ሲል ለይቶ ተናግሮአል። ስለዚህ ሹራቤን ነጻ የሚያወጣ ፍርድ አላገኘሁም። ያገኘሁት የሚበልጥ ነገር ነው፤ ይኸውም የሚከለክል ሰው ምክንያቱን የማሳየት ሸክም በራሱ ላይ መሆኑን ነው።

ታሪክን እስከዚህ ድረስ ብቻ ባነብ ኖሮ፣ ሽማግሌዎች ሁልጊዜ ጨቋኞች፣ ወጣቶች ሁልጊዜ እውነተኞች ናቸው ብዬ በተደሰትሁ ነበር። የአገራችን ታሪክ ግን ይህን አልፈቀደልኝም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው፣ የልብስ ፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ዘመኑ አጭር ቀሚስ የተስፋፋበት ዘመን ነው። ብዙ ተማሪዎች ሕዝቡ በድህነት ሳለ የባዕድ ፋሽን ማሳየት ባህልን ማዋረድ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ረብሻ ተነሣ፤ ፖሊስ ገባ፤ የታሰሩም ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1957 ዓ.ም.፣ «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ለገበሬው መብት የጮኸው የተማሪ ወገን፣ በእኅቶቹ ቀሚስ ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ስለ ድህነቱ የተናገሩት እውነት ነበር። ነገር ግን የልጃገረዶቹን አሳብ ማን ጠየቀ? ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ደንብ ሲወጣ በብዙ ቃል የሚለካው የሴቶች ልጆች ቀሚስ እንጂ የእኛ ሱሪ አይደለም። ስለ ሹራቤ ስቈጣ ይህን አላሰብሁም ነበር፤ አሁን ግን ሳልጽፈው ማለፍ ነውር መሰለኝ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በበኩሌ የደንብ ልብስ ይቅር አልልም። ባለጠጋና ድኻ በአንድ ወንበር ላይ ሳይተፋፈሩ እንዲቀመጡ ያደርጋል የሚለውን ምክንያት እቀበላለሁ። ነገር ግን ምክንያቱ እኩልነት ከሆነ፣ ደንቡ ድኻውን ልጅ ከደጅ የሚመልስ ሊሆን አይገባም፤ አለዚያ ደንቡ የገዛ ምክንያቱን አፈረሰ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነጻ መስጠት ሲጀምር፣ ይህን ነገር የተረዳው ይመስለኛል።

ስለዚህ በዚህ የበዓል ቀን ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ሦስት ነገር በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የልብስ ደንብ ከነምክንያቱ ተጽፎ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ደንቡ ሲሻሻል ወንዶችም ሴቶችም ተማሪዎች ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ በልብስ ያጠፋ ተማሪ ይመከር፤ ቢያስፈልግም ይቀጣ፤ ከትምህርትና ከፈተና ግን አይከልከል። ትምህርት ቤት የተሠራው ለትምህርት ነው፤ ልብሱ የመጣው ኋላ ነውና።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ስለ ሐና ተምረናል። ልጅዋን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ካህኑ ዔሊ ባረካት እንጂ የልብሱን ቀለም አይቶ እንደ መለሳት አልተጻፈም። እኔ በዚህ ዓመት ጨርሼ እወጣለሁ፤ ፈተናውም ላይመለስ አልፎአል። ታናሽ ወንድሜ ግን በመጪው መስከረም ዘጠነኛ ክፍል ይገባል፤ እናቴም ያን ሹራብ አጥባ አስቀምጣለታለች። በታኅሣሥ ማለዳ ለብሶት ሲመጣ፣ ተቈጣጣሪው መምህር ቀለሙን ከማየታቸው በፊት ብርዱን እንዲያስቡለት ተስፋ አደርጋለሁ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።