መሬት ላይ ተቀምጠው በረራ የሚመሩ ሰዎች



በዘንድሮው መጽሔታችን የምናቀርበው ጽሑፍ ስለ ጠፈር በረራ ነው። «ቅሬንና ጠፈርን ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ያገናኛቸው አንድ ለቅሶ ነውና ከዚያው እንጀምር።

ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንድ አዛውንት አረፉ። ጥሩንባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ነቅሎ ወጣ። እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ የጨረስን ስለሆንን የሟች የሕይወት ታሪክ መጻፍ የሚወድቀው በእኛ ላይ ነው። የትውልድ ቦታቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ጻፍንና ሥራቸውን «በኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ለብዙ ዓመታት በታማኝነት አገልግለዋል» ብለን በአንድ መስመር ዘጋነው። በቀብሩ ላይ ተነበበ፤ ሰውም ተበተነ።

በሣልስቱ ታዲያ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አብረዋቸው የተማሩ ጓደኞቻቸው ከየአገሩ መጡ። እንደ ወጉ ማን ሞተ፣ ማን ጡረታ ወጣ፣ የማን ልጅ አሜሪካ ገባ ሲባባሉ ቆዩና አንደኛው ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ታሪኩን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ? ያ ሰው እኮ አውሮፕላን ሲያሳርፍ የኖረ ነው። እናንተ በር ጠባቂ አስመሰላችሁት!» አሉን። ለካስ ሟች ሬዲዮ ላይ ተቀምጠው፣ ደመናው የሐረጎን ዳገት ሲያለብሰው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ ሜዳው ላይ ከብት መኖር አለመኖሩን ለዳኮታው ፓይለት ሲነግሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው እንኳ ይህን በደንብ አያውቁም ነበር። እኛም አፈርን።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ዓይነት ሥራ ስናነብና ስንጠይቅ ከረምን። ያገኘነውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት ላይ አፖሎ 11 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰዎችን ጨረቃ ላይ አሳረፈች። እኛ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። ትልልቆቹ በጎረቤት ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው «ደረሱ!»፣ «ወግድ፣ ውሸት ነው!» እያሉ ሲከራከሩ እናስታውሳለን። የአርምስትሮንግን፣ የኦልድሪንንና የኮሊንስን ስም ያኔ ሰማን። ሂውስተን ከተማ በበረራ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ስለተቀመጡት ግን የነገረን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርምስትሮንግና ኦልድሪን ወደ ጨረቃ ሲወርዱ የመንኮራኩሯ ኮምፒዩተር 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አሳየ። ትርጉሙ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሁሉንም በሰዓቱ ልጨርስ አልቻልኩም» ማለት ነው። ዋናውን ሥራ ይዞ ሌላውን ያቆየዋል። ቢሮ የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠፈርተኞቹ ግን ትርጉሙን አላወቁምና ሂውስተንን ጠየቁ። ውረዱ ወይስ ተመለሱ ማለት የስቲቭ ቤልስ ፋንታ ነበር፤ ዕድሜው 26 ዓመት ነው። እሱን ከጀርባ ክፍል ሆኖ የሚረዳው ጃክ ጋርማን ደግሞ 24 ዓመቱ ነበር። ጋርማን ቁጥሩን እንደሰማ፣ ማስጠንቀቂያው እየደጋገመ ካልመጣ በቀር ችግር የለውም አለ። ቤልስም ይቀጥሉ ብሎ ወሰነ፤ ወረዱ።

ጋርማን በዚያች ቅጽበት እንዴት አወቀ? ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር መጥቶ፣ ክፍሉ ተደናግጦ በረራውን ያለ አግባብ አቋርጦ ነበር። የበረራው ኃላፊ ጂን ክራንዝ በዚህ ተቆጥተው፣ ቁጥሮቹ በሙሉ ከነትርጉማቸው ተጠንተው እንዲጻፉ አዘዙ። ጋርማን ዝርዝሩን በእጁ ጽሑፍ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ካለው መስታወት ሥር አስቀመጠው። በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት! እኛ ይህን ስናነብ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በኋላ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጠፈርተኞቹን ሲሸልሙ፣ ቤልስም የመቆጣጠሪያውን ሠራተኞች ወክሎ ሽልማት ተቀበለ።

ከእኛ ሰዎች ደግሞ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ማንሳት ግድ ነው። የተወለዱት በ1940 ዓ.ም. በከፋ፣ ቦንጋ ነው። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተማሩ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠሩ፣ ከዚያም ለትምህርት ወደ ጃፓን፣ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በሩሲያ እርዳታ በተሠራ ትምህርት ቤት የተማረ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካው ናሳ የመንኮራኩርና የሳተላይት መሐንዲስ ሆነ። ያረፉት በጥር ወር 1998 ዓ.ም. ነው። በሰፈራችን ስማቸውን አብዛኞቻችን የሰማነው ካረፉ በኋላ መሆኑን ስናስብ ያ አንድ መስመር ጽሑፋችን ትዝ ይለናል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሀገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከቻይና ተነሥታ ወደ ጠፈር ወጣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነበር። ከምድር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እየዞረች እርሻውን፣ ደኑንና የአየሩን ሁኔታ ለመከታተል የሚረዳ ሥዕል እንድታነሣ የታሰበች ናት። የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ የተሠራው እንጦጦ ተራራ ላይ ነው። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነውን ያየ ሰው ይህ ሥራ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ድርቁ ሳይታይ ቀርቶ ሳይሆን፣ ያየው ሰው የጻፈው ወረቀት በጊዜ ሰሚ ባለማግኘቱ ብዙ ሕዝብ አልቋል።

የመጨረሻው ነገር ከደጃችን ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ወደ ሐዳር ያደርሳል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ አፅም የተገኘው እዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ሐዳር በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ፈረንጆቹ ሉሲ ይሏታል። ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ናሳ በዚሁ በሉሲ ስም የተጠራች መንኮራኩር አመጠቀ። ገና እንደወጣች ግን ከሁለቱ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ክንፎቿ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ቀረ። ወጥቶ የሚጠግን ሰው የለም። መሬት ላይ ያሉት ባለሙያዎች ወራት ፈጅተው ችግሩን አጠኑ፣ በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ላይ ከሩቅ ትእዛዝ እየላኩ ሞተሩን ደጋግመው አሠሩት፣ ክንፉም ሥራውን ሊሠራ እስኪችል ድረስ ተለጠጠ። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሉሲ በአንዲት ትንሽ ሰማያዊ አለት አጠገብ አለፈች። የአለቷ ስም «ድንቅነሽ» ነው። የምትዞራት ጨረቃም ተገኘችና፣ በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም «ሰላም» ተባለች። የእኛ አገር ስም እዚያ ድረስ የሄደው ወንበራቸውን ባልለቀቁ ሰዎች ትጋት ነው።

እንግዲህ ወደ ቅሬያችን እንመለስ። የአባላት መዝገባችን ስም፣ የቤት ቁጥርና የወር መዋጮ አለው፤ ሰውየው ምን ሲሠራ እንደኖረ የሚገልጽ ቦታ ግን የለውም። ስለዚህ አንድ ባለ 200 ገጽ ደብተር በራሳችን ወጪ ገዝተናል። በየወሩ ከስብሰባ በኋላ ድንኳኑ ማስቀመጫ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ይዘን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ አባል መጥቶ የሠራውን በአንደበቱ ይንገረን፤ እኛ እንጽፋለን። ሸማኔውም፣ ሹፌሩም፣ በፋብሪካ የሠራችውም፣ ልጅ ስታሳድግ የኖረችውም ትምጣ። «የእኔ ሥራ ምን ይጻፍለታል?» የምትሉ በተለይ ቅድሚያ ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያውን ገጽ ለእኒያ ለኮምቦልቻው የሬዲዮ ሰው ሰጥተነዋል። ጓደኞቻቸው የነገሩንን ጽፈን፣ ለባለቤታቸው አንብበንላቸው፣ ሁለት ቦታ ላይ አርመውናል። በቀብሩ ዕለት ስለ ጻፍነው አንድ መስመርም ይቅርታ ጠይቀናል።