መንግሥቱ ኃይለማርያምና የርስት አገር መሬት

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም እስከ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የገዙ የደርግ መሪ ናቸው። የልደታቸው ዓመት በአንዳንድ ጽሑፎች 1929፣ በሌሎች 1933 ተብሎ ይገኛል። የትውልድ ስፍራቸውንም አዲስ አበባ የሚያደርጉ አሉ፤ ወደ ደቡብ የሚወስዱትም አሉ። በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ሠልጥነው በሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር አገልግለዋል። ስማቸው ከቀይ ሽብርና ከጦርነት ጋር ቢነሳም፣ ከእርሳቸው በኋላ የጸናው ትልቁ አሻራ የመሬት ሥሪቱ ሳይሆን አይቀርም።

በርስት አገር

ታች ጋይንት (ዋና ከተማው አርብ ገበያ)፣ ስማዳና እስቴ በቀድሞው በጌምድር የርስት አገር ነበሩ። የመሬት መብት የሚገኘው ከአቅኚው አባት በመወለድ ነው። በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር አንድ ሰው በብዙ ቦታ ባለርስት ነኝ ማለት ይችል ነበር። ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ ትውልዱን እስከ አቅኚው ድረስ ስም በስም ቆጥሮ ድርሻው እንዲለካለት ይጠይቃል፤ ሙግቱም ዓመታት ይፈጃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ደቡቡን ከጭሰኝነት አላቀቀ፤ የርስት አገሩን ገበሬ ግን በጊዜው የሚያርሰውን እንዲይዝ ፈቅዶ፣ ሌላ ቦታ በዘር እንዳይጠይቅ ከለከለው። መሸጥ፣ ማከራየትና በዋስትና ማስያዝም ቀረ።

አዋጁ የመንግሥቱ አይደለም የሚል ተቃውሞ አለ፤ ከፊል እውነትም አለው። «መሬት ለአራሹ»ን ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. አደባባይ አውጥተውታል፤ በማርቀቁ የሕግ ባለሙያው ዘገየ አስፋው ይጠቀሳሉ፤ የደርጉ ሊቀመንበርም ያኔ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጄኔራሉ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ አዋጁን በገበሬ ማኅበር፣ በእህል ኮታና በመንደር ምሥረታ እስከ ገበሬው ደጃፍ ያደረሰው የመንግሥቱ አገዛዝ ነው። ባለርስቱ ቀድሞም መሬት ስለነበረው አዋጁ ብዙም አልለወጠበትም የሚሉም አሉ። የተለወጠው ግን የመብቱ ምንጭ ነው፤ ዘር ቆጣሪው ቀርቶ የቀበሌው ማኅበር ሰጪና ነሺ ሆነ።

ከ1983 በኋላ

ደርግን የጣለው ኢሕአዴግ ይህን መሬት የመስጠትና የመንሳት መሣሪያ አልጣለውም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው በ4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሄክታር ገደማ፣ ተወሰነ። የመንግሥቱ ሹሞች በመንግሥቱ ሕግ ተቀጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ሽግሽግ በመቆሙ ወጣቱ መሬት የሚያገኘው በአመዛኙ በውርስ፣ በስጦታ ወይም በእኩል አርሶ ነው፤ ዝምድና በሌላ በር ተመልሷል። ሽያጩ ግን እንደታገደ ነው።

ፍርድ

መንግሥቱ በዘር ማጥፋት ወንጀል በሌሉበት ተከሰው በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው። መኖሪያቸው ዚምባብዌ ነው። የመሬት ሥሪታቸው ግን አልተሻረም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል።