ጥርኝ ውኃና ቁራሽ እንጀራ

ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ ሁለቱም በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ። ስለ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ሲጻፍ የመምህራኑ ሐረግ ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ተማሪውን ለዘመናት ማን አበላው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ያበላው ባላገሩ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ጨብጦ ከማያውቀው ሰው ደጅ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከመሶብ የተረፈ ቁራሽ ወይም እፍኝ ቆሎ ይወጣለታል፤ ያልበላውን በፀሐይ አድርቆ ለክፉ ቀን ያኖረዋል። ሰጪዋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማትቆርብ ሴት ናት። በደጋው አገር ቍርባን በአብዛኛው የሕፃናት፣ የአረጋውያን፣ የካህናትና በቍርባን የተጋቡ ሰዎች ሆኖ ኖሯል፤ ሌላው ጎልማሳ «መች በቃሁና» እያለ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ያስቀድስና ደጁን ስሞ ይመለሳል። ራሱን እንዲህ ዝቅ ያደረገ ሕዝብ የእግዚአብሔር ቸርነት ለእኔም ይደርሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርግበት አንዱ ዋና መንገድ ያ ቁራሽ ነበር ባይ ነኝ።

ለዚህ ማስረጃዬ ከልመናው ጀርባ ያለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚነገርበት ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው መባቻ ሲሆን፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። በትረካው የቅምር አገር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። በጥም የተቃጠለ ለምጻም ድሃ በእግዚአብሔር ስም ሲለምነው ጨከነ፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ደንግጦ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ከሞተ በኋላ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ውኃው በሌላው ወገን ተመዘኑ። ሥዕሉ በጣና ዳር በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ አለ፤ ፊደል ያልቆጠረው ምእመንም ሚዛኑን በዓይኑ ያየዋል። ማንም ገበሬ የቱንም ያህል ቢበድል ከዚህ ሰው አይብስም። ደጁ የቆመው ተማሪ የሚጠራው ስም ደግሞ ያው ለምጻሙ የጠራው ስም ነው።

ይህ ታሪክ ኃጢአትን አቅልሎ ያሳያል፣ ሰው ሲበድል ኖሮ ቁራሽ ሰጥቶ ይድናል ያሰኛል የሚል ነቀፋ አለ፤ ነቀፋው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በትረካው ውኃው ብቻውን ሚዛን አልደፋም፤ የደፋው እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ነው። ስለዚህ ውኃው ዋጋ ሆኖ አልተከፈለም። በላዔ ሰብእም ወደ ቀድሞ ግብሩ አልተመለሰም፤ ዋሻ ገብቶ እህል ሳይቀምስ ሞተ። ለተማሪው ቁራሽ የምትሰጠው ሴትም ብትሆን «ከፍያለሁ» ብላ ረቡዕና ዓርብን አላፈረሰችም፣ የንስሐ አባቷንም አላሰናበተችም። ሁለተኛው ነቀፋ፣ ምሕረት የእግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ማርያም ለምን መካከል ገባች የሚለው፣ የቆየ ሙግት ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለሥዕሏ አንሰግድም ብለው መከራ ተቀብለዋል፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠው ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሠሩት ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያንም የእምነታቸው ትምህርት ምልጃዋን አይቀበልም ነበር። ትረካው ራሱ ግን ፈራጁ ልጇ መሆኑን አይሸሽግም፤ እሷ የምትቆመው እሱ በሰጣት ኪዳን ነው። የካቲት 16 የሚከበረውም ይኸው ኪዳን ነው።

የቀረው ክስ ካህናት ድሃውን በስም እያስፈራሩ እህሉን ወሰዱት የሚል ነው። ይህ ስለ ጉልትና ስለ ግብር ቢነገር እውነትነት አለው። ተማሪው ግን ጭሰኛ የለው፣ ወታደር የለው፤ ውሻ እየነከሰው የሚለምን ልጅ ማንን ያስገድዳል? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ጉልቷን አጣች። ቁራሹ ግን ድሮም በአዋጅ ያልተጣለ ስለነበረ በአዋጅ አልቀረም።