ሁለቱ 1977ዎች፦ የዲኤንኤ ንባብ ታሪክ ከላስታ ደጋ ሲታይ

(በላሊበላ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



በወሎ «ሰባ ሰባት» ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። 1977 ዓ.ም. ነው። ዕድሜ በእርሱ ይቆጠራል፤ ጋብቻና ስደት በእርሱ ይታሰባል። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ረሃቡን ለዓለም አሳየ። የላስታ፣ የዋግና የራያ ሰው ግን ዘገባው ከመምጣቱ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

በአውሮፓውያን አቆጣጠርም አንድ 1977 አለ። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ሊቅ ፍሬድሪክ ሳንገር ከባልደረቦቹ ጋር በካምብሪጅ ሆኖ የዲኤንኤ ፊደላት ተራ በተራ የሚነበቡበትን ዘዴ አሳተመ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ሰባት ዓመት ያህል አለ፤ ቁጥራቸው የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ የዛሬው ንግግሬ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የዲኤንኤ መሣሪያዎች ታሪክ ሲጻፍ የፈልሳፊዎቹ ስም ይጠራል፤ የሚነበበውን ነገር ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች ግን በታሪኩ ውስጥ ቦታ አይሰጣቸውም። እኔ የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ይህ ጉድለት ያሳስበኛል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛ «ዘር» የምንለው በእርሻ ላይ የሚበተነውንም፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደውንም ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የሚወረስ ነገር ኃይል እንዳለው ማንም ኬሚስት ሳይነግረን የምናውቅ መሆናችንን ያሳያል። የማናውቀው ያ የሚስበው ነገር ምን እንደ ሆነና የት እንደሚገኝ ነበር።

ለዚህ የመጀመሪያው መልስ የተገኘው ደስ ከማይል ቦታ ነው። በ1869 ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ሚሸር፣ ጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ፣ ከሆስፒታል የተጣሉ የቁስል ፋሻዎችን እየሰበሰበ መግሉን አጠበ፤ ከመግሉ ሕዋሳት እምብርትም ከዚያ በፊት የማይታወቅ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። «ኑክሊን» አለው። ዲኤንኤ በሰው እጅ የተያዘው ያን ጊዜ ነው፤ ተያዘ እንጂ ምን እንደሚሠራ አልታወቀም። የውርስ ተሸካሚ መሆኑን በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በባክቴሪያ ላይ በሠሩት ሙከራ አሳዩ። በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፣ የሮዛሊንድ ፍራንክሊንን የኤክስሬይ ምስል ጭምር ተጠቅመው፣ ሁለት ክሮች የተጠማዘዙበትን ቅርጹን አቀረቡ። በአንዱ ክር ላይ ያለው ፊደል በሌላው ክር ላይ አንድ የተወሰነ ጓደኛ ብቻ አለው። ይህ ደንብ እስከ ዛሬ ድረስ የአብዛኞቹ የዘርፉ መሣሪያዎች መሠረት ነው።

ሳንገር ያደረገውን በዚህ አገር ሰው በሚያውቀው ሥራ ላስረዳ። አንድ ጸሐፊ አንድን የብራና ገጽ ሺህ ጊዜ ይገለብጣል እንበል። በቀለሙ ውስጥ ግን እዚህም እዚያም ልዩ ፊደል ተደባልቋል፤ ያ ፊደል በገባበት ቦታ ቅጂው ይቋረጣል፣ ከዚያ ወዲያ መጻፍ አይቻልም። እንግዲህ ሺህ ቅጂዎች በሺህ የተለያየ ቦታ ይቆማሉ። ቅጂዎቹን ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ደርድረን የየአንዳንዱን የመጨረሻ ፊደል ብንለቅም ሙሉው ገጽ ይነበባል። ሳንገር ልዩዎቹን ፊደላት በኬሚስትሪ ሠራቸው፣ ቅጂውን ለኢንዛይም ተወለት፣ ቁርጥራጮቹን በርዝመት የሚለያቸውን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ ዝቃጭ መሳይ ማጣሪያ ተጠቀመ። በዚያው ዓመት የአንድ ቫይረስን ሙሉ ጽሑፍ አነበበ፤ 5,400 ያህል ፊደል ነው። አሜሪካውያኑ አለን ማክሳምና ዋልተር ጊልበርትም በዚያው ዓመት ሌላ ዘዴ አሳተሙ፤ የሳንገር ግን ቀላልና አስተማማኝ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ገዥ ሆነ።

አንድ ችግር ቀረ። ለማንበብ ብዙ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ጸጉር ወይም ከአንዲት የስንዴ ፍሬ የሚገኘው ዲኤንኤ ግን ጥቂት ነው። በ1983 ኬሪ ሙሊስ ዲኤንኤን በማሞቅና በማቀዝቀዝ እየደጋገሙ የሚያባዙበትን ፒሲአር የተባለ ዘዴ አሰበ። ዘዴው በየቤተ ሙከራው ሊሠራ የቻለው ሙቀትን የሚቋቋም ኢንዛይም ስለተገኘ ነው። ኢንዛይሙ የተወሰደው በ1960ዎቹ ቶማስ ብሮክ በአሜሪካ የየሎውስቶን ፓርክ ከፍል ውሃ ካገኘው ባክቴሪያ ነው። የፒሲአር ባለቤትነት በ300 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ባክቴሪያው የተገኘበት ፓርክ ግን ከዚያ ገንዘብ ድርሻ አላገኘም። ይህን ነገር አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እኛው ሰባ ሰባት ልመለስ።

የተወለድሁት በዚህ ደጋ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በአጨዳ ጊዜ ከአጫጆቹ ቀድማ እርሻው ውስጥ ትገባና ዛላውን በእጇ እያገላበጠች ትመርጥ ነበር። የተመረጠው ከሚበላው ጋር አይቀላቀልም፤ በቅል ሆኖ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፣ ጢሱም ከነቀዝ ይጠብቀዋል። «ዘር አይበላም» ትል ነበር። በሰባ ሰባት ያ ቅል ወረደ። እፍኝ በእፍኝ እየቆላች ለልጆቿ ሰጠች። ዝናቡ ሲመለስ የዘራነው ከሌላ አገር የመጣ ስንዴ ነበር፤ አገዳው አጭር ሆኖ ለከብቶቹ ገለባ አልበቃም፣ ውርጩንም አልቻለም። የእናቴ ስንዴ ከዚያ በኋላ በእኛ ቤት አልታየም።

ይህን የምናገረው ለማስተዛዘን አይደለም። አንድ ረሃብ ሰውንና ከብትን ብቻ እንደማይጎዳ፣ ለብዙ ትውልድ በእጅ ሲመረጥ የኖረን የተፈጥሮ መዝገብም ሊያጠፋ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ስንዴና ገብስ ከሰበሰበ ወዲህ የአገራችን ደጋ ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዱ መሆኑ ይታወቃል። ሰባ ሰባት የመታው አንዱን የዚያ ሀብት ማከማቻ ነው።

ሁሉም ግን አልጠፋም። በ1976፣ ማለት ከሳንገር ኅትመት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ በድርቁ ዘመን ዘር ተበልቶ ሳያልቅ እንዲሰበሰብ፣ በኋላም ወደ ገበሬው እርሻ እንዲመለስ ደከሙ፤ ለዚህም ሥራቸው በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የተሰበሰበው ዘር ደረቀ፣ ታሸገ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ዲኤንኤውን በብዛት የሚያነብ መሣሪያ ገና አልነበረም። ዘሩ አንባቢውን እየጠበቀ ተኛ።

አንባቢው የመጣው ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ነው። የዱረም ስንዴ ጽሑፍ ረጅም ነው፤ በ2019 የታተመው የጣሊያን ዝርያ ጂኖም ከ10 ቢሊዮን ፊደል ይበልጣል፣ የሰው ግን 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ መቶዎች ዝርያዎችን ለማወዳደር ሙሉውን ማንበብ ውድ ነበር። ተመራማሪዎች በምትኩ ቺፕ ሠሩ። በትንሽ መስታወት ላይ አጫጭር ነጠላ የዲኤንኤ ክሮች ይተከላሉ፤ የሚመረመረው ዲኤንኤ ሲፈስበት እያንዳንዱ ክር ጓደኛውን ይይዛል፣ የሚለየውንም ፊደል በብርሃን ያሳያል። በ1953 የተገኘው የጓደኝነት ደንብ ወጥመድ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ወጥመድ ከጎረቤታችን ጋር ተገናኘ። ከላሊበላ ወደ ጋሸና ወጥተን ወደ ምዕራብ ብንታጠፍ መቄት ወረዳ፣ ገረገራ እንደርሳለን። በፒዛ ከሚገኘው የሳንታና የጥናት ተቋም፣ ከባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናልና ከአገራችን የምርምር ተቋማት የመጡ ተመራማሪዎች፣ ከአዲስ አበባው የዘር ባንክ የወጡ የዱረም ስንዴ ዝርያዎችን በገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም ዘሩ። በ2016 የታተመው ጥናታቸው በቺፑ 81,587 ጠቋሚ ነጥቦችን ፈትኖ 30,155ቱ በዝርያዎቹ መካከል ልዩነት እንደሚያሳዩ አገኘ። ከሜዲትራኒያን አካባቢ ስንዴ ጋር ሲነጻጸር የኢትዮጵያው ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የመሣሪያ ታሪክ ነው። ቀጥሎ የሆነው ግን ከመሣሪያው ይበልጣል። በሁለቱም ስፍራ በጠቅላላው 60 ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በ400 ዓይነት ስንዴ መካከል እየተዘዋወሩ ነጥብ ሰጡ፤ መቼ እንደሚያብብ፣ የዛላው ቅርጽ፣ ከአንድ ሥር የሚወጣው አገዳ ብዛት፣ በጠቅላላውም ይወደድ እንደ ሆነ። 192,000 ነጥቦች ተመዘገቡ። ተመራማሪዎቹ በሜትርና በሚዛን ከለኩት ጋር ሲያስተያዩት የገበሬው ዓይን ከመለኪያው ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኙት፤ ይህ በ2017 ታተመ። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት የገበሬዎቹ ምርጫ ራሱ ከዲኤንኤው ጋር ተያይዞ ተፈተሸና፣ «ይህ ጥሩ ነው» ያሉት ፍርድ ከጂኖሙ የተወሰኑ ስፍራዎች ጋር ተዛምዶ ተገኘ።

ይህን ውጤት ሳነብ እናቴ ዛላውን ስታገላብጥ ታየችኝ። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን በየዓመቱ ከዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ የምትፈልገውን እየለየች ለሚቀጥለው ዓመት ታሳልፍ ነበር። መሣሪያው ያነበበው በሺህ የሚቆጠሩ እንደ እርሷ ያሉ እናቶችና አባቶች የመረጡትን ነው። በ2021 የወጣ ተከታይ ጥናት ደግሞ ከ1,000 በላይ የገበሬ ማሳዎች የተገኘን መረጃ ከጂኖም ንባብ ጋር አዋሕዶ፣ የዝርያን ውጤት የመተንበይ አቅም በምርምር ጣቢያ ብቻ ከሚሠራው ስሌት እጥፍ እንዳደረሰ አሳየ። ስለዚህ የገበሬው ዕውቀት ለሳይንሱ ጌጥ አይደለም፤ ያለ እርሱ ንባቡ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ የየሎውስቶኑን ፍል ውሃ አስታውሱ። በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ የተወሰደ ገብስ፣ አመዳይ የተባለውን የቅጠል በሽታ የሚቋቋም ውርስ ነበረው፤ ያ ውርስ ዛሬ በአውሮፓ የጸደይ ገብስ ውስጥ በሰፊው ይገኛል። ምንጩንና አሠራሩን በዝርዝር ያሳየው በ2004 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ነው። ንባቡ የቤተ ሙከራ ድል ብቻ አልነበረም፤ የባለቤትነት ምስክርም ነበር። በጤፍም በኩል፣ በኔዘርላንድ የተመዘገበ የፈጠራ መብት በ2018 በዘ ሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ እስኪባል ድረስ የደረሰውን ሙግት ታስታውሳላችሁ።

አገራችን ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦት፣ ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀትና መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አውጥታለች። የናጎያው ስምምነትም በ2014 ሥራ ላይ ውሏል። ሁለቱም ሲጻፉ በዋናነት የታሰበው በከረጢት የሚወጣ ዘር ነው። ዛሬ ግን ዘሩ ከመጋዘን ሳይንቀሳቀስ ፊደላቱ በኮምፒውተር ይሻገራሉ። ለዚህ ነው ከዲጂታል የዲኤንኤ መረጃ የሚገኝ ጥቅም እንዴት ይከፈል የሚለው ጥያቄ በ2022 በሞንትሪያል፣ በ2024 ደግሞ በካሊ በተደረጉት የብዝኃ ሕይወት ጉባኤዎች ላይ የተነሣው፤ የጋራ የክፍያ ቋት እንዲኖርም ተወስኗል። የሚከፍለው ሰው ለማን እንደሚከፍል ማወቅ አለበት። እንግዲህ ጥያቄው ወደ መዝገብ ይመለሳል፦ ከቁጥሩ አጠገብ ምን ተጽፏል?

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ባዮሎጂ የምትማሩ የማንበቢያውን መሣሪያ ልመዱ፤ በእጅ የሚያዝ ማንበቢያ ከተሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ታሪክና ቋንቋ የምትማሩ ግን ሥራ የለንም አትበሉ። በላስታና በመቄት መንደሮች እናቶችና አባቶች ለየስንዴውና ለየገብሱ የሚሰጡትን ስም፣ ለምን እንደሚመርጡት፣ ከማን እንዳገኙት፣ በፈቃዳቸው መዝግቡ። ይህን የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል። ዲኤንኤ በቅዝቃዜ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ የሰው ትዝታ ግን እንዲህ የሚቀመጥበት ክፍል የለውም።

እናቴ ያወረደችው ቅል ዛሬም በእህቴ ቤት አለ፤ ባዶ ነው። ምናልባት በአዲስ አበባው ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ከዚህ ደጋ የተወሰደ የዚያ ስንዴ ወንድም በአንድ ቁጥር ስር ተኝቶ ይሆናል። ቢነበብም እናቴ ትጠራው የነበረውን ስም ከፊደላቱ ውስጥ አናገኘውም። እርሱን የጠየቅናትና የጻፍነው እንደ ሆነ ብቻ ነበር የምናውቀው፤ እኔም ሳልጠይቃት ቀረሁ።